ዘመናዊ ክላሲክ ሞተርን ወደ ካፌ ሬሰር መቀየር፦ ከመሪው ጀምሩ፣ ግራይንደሩን መጨረሻ አንሱ

«ሞተሬን ካፌ ሬሰር ላደርገው ነው፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ የኋላ ሻንሲውን ቆርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው። ስለዚህ መልሱን አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ከመሪው ጀምሩ። መቁረጥና ቀለም መጨረሻ ይምጡ። በየደረጃው መሀል ደግሞ ሞተሩ ተነስቶ የሚነዳ መሆን አለበት። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን የፈታ ሰው ብሎኑ ከየት እንደወጣ ይጠፋዋል። በኋላ ችግር ሲመጣም የትኛው ለውጥ እንዳመጣው አያውቅም። ደረጃ በደረጃ የሠራ ሰው ግን አንድ ነገር ቀይሮ ይነዳል፤ ካልተመቸው ያንኑ አንድ ነገር ይመልሳል።

ካፌ ሬሰር ስንል ዝቅ ያለ መሪ፣ ወደ ኋላ የሄደ የእግር መርገጫ፣ የአንድ ሰው ኮርቻ፣ ከታንኩ ሥር እስከ ጅራቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር ማለታችን ነው። ለዚህ የሚመቹት «ዘመናዊ ክላሲክ» የሚባሉት፣ ማለትም መልካቸው የድሮ ሥራቸው የአሁን የሆነ፣ ሁለት የኋላ አሞርዛተር፣ የቱቦ ሻንሲና ክብ የፊት መብራት ያላቸው ሞተሮች ናቸው። ትራያምፍ ቦኔቪል እና ስትሪት ትዊን፣ ሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650፣ ካዋሳኪ ደብሊው 800 ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የዲስክ ፍሬንና አስተማማኝ ኢንጂን ይዘው ስለሚመጡ የምትቀይሩት አቀማመጡንና መልኩን ነው።

አንድ ገንዘብ ቆጣቢ ምክር ላስቀድም። የሞተራችሁን «እህት ሞዴል» ፈልጉ። ኢንተርሴፕተር 650 እና ኮንቲኔንታል ጂቲ 650 ያው 648 ሲሲ ኢንጂን ነው ያላቸው። ጂቲው ግን ዝቅ ያለ መሪና ወደ ኋላ የገባ መርገጫ ይዞ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። የድሮው 865 ሲሲ ቦኔቪልና ትረክስተንም እንዲሁ ዘመዳሞች ናቸው። ፋብሪካው ራሱ የሠራው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከማንም ኪት በተሻለ ልክ ይገጥማል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሥራው፦
- የሞተሩ የጥገና ማኑዋል። ያለዚህ አትጀምሩ፤ የእያንዳንዱ ብሎን የማጥበቂያ መጠን ያለው እዚያ ነው
- ቶርክ ሬንች (ብሎን በተወሰነ መጠን ብቻ የሚያጠብቅ መፍቻ)፣ የመፍቻና የአለን ቁልፍ ስብስብ
- የመለኪያ ካሊፐር፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ
- ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ መቆንጠጫ ፒንሳ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ የሽቦ ሽፋን
- የኋላ ጎማውን አንስቶ የሚያቆም ጠንካራ ማቆሚያ
- ካርቶን፣ የወረቀት ፕላስተር፣ እስክሪብቶ፣ ትናንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች
- መነጽር፣ ጓንት፣ ለመርዛማ ጋዝ የሚሆን ማጣሪያ ያለው ጭምብል፣ እሳት ማጥፊያ

የሚገጠሙ፦
- ክሊፕ ኦን መሪ (ሁለት አጫጭር ቁራጮች ሆኖ ለየብቻው በሹካው፣ ማለትም የፊት ጎማውን በሚይዙት ሁለት ቱቦዎች ላይ የሚታሰር) ወይም ወደ ታች የታጠፈ አንድ ወጥ መሪ
- ሪርሴት፣ ማለትም ወደ ኋላና ወደ ላይ የሄደ የእግር መርገጫ ኪት
- በልኩ የተሠራ የፍሬን ቱቦ፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ኬብል
- አዳዲስ የመዳብ ሮንዴላዎች፣ ዶት 4 የፍሬን ዘይት
- የኋላ አሞርዛተር፣ አስፈላጊ ከሆነም የፊት ሹካ ሞላ
- ኮርቻ፣ የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ የፍሬቻ ሪሌ
- መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ (ሰማያዊው)

ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እዩ። ስለ መስታወት፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ አቀማመጥ፣ የማርሚታ ድምፅና የሻንሲ ለውጥ የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። ኢንሹራንሳችሁም ለውጡን ማወቅ አለበት። ካልተነገረው ካሳ ሊከለክላችሁ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን ንዱት። የመሪው ኩሽኔታ ይንቀጫቀጫል? የሹካው ጎሚኒ ዘይት ያፈስሳል? በቴስተር የባትሪውን ቮልቴጅ ለኩ። ኢንጂኑ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ማሳየት አለበት። የቫልቭ ክፍተትና የካንዴላ ሁኔታም ይታይ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሁን ያለ በሽታ ካልታወቀ በኋላ «የቀየርኩት ነገር ነው ያበላሸው» ብላችሁ የሌለ ችግር ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱ ኬብል በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ እያንዳንዱ የሽቦ ማገናኛ ከምን ጋር እንደተያያዘ። ይበቃል ብላችሁ ካሰባችሁት በላይ አንሱ።

ደረጃ 2፦ መስመሩን በፎቶ ላይ ሥሩ

ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ካሜራውን በጎማው መሀል ከፍታ ያዙና ከሩቅ፣ ከጎን በኩል አንሱት። ቀርቦ የተነሳ ፎቶ ቅርጹን ያዛባል። ፎቶው ላይ ከታንኩ የታችኛው ጠርዝ እስከ ኋላ ጎማው መሀል በላይ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ።

ይህ መስመር ነው ውበቱን የሚወስነው። ውድ ዕቃ የተገጠመለት ነገር ግን ጅራቱ ወደ ላይ የተቀሰረ ወይም ታንኩ ወደ ኋላ የተንጋደደ ሞተር ሁልጊዜ ያልተጠናቀቀ ይመስላል። የትኛው ዕቃ መቀየር እንዳለበት መስመሩ ይነግራችኋል። አንዳንዴ የኋላ አሞርዛተሩን ትንሽ ማስረዘም ብቻ በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ መሪው

የፊት ሹካውን ቱቦ ውፍረት በካሊፐር ለኩ። ቦኔቪል 865 እና ኢንተርሴፕተር 650 ላይ 41 ሚሊሜትር ነው። ሆኖም ማንም የነገራችሁን ትታችሁ ራሳችሁ ለኩ፤ እኔንም ጨምሮ። በአንድ ሚሊሜትር የሰፋ ክሊፕ ኦን ቢጠብቅም መሽከርከሩ አይቀርም። መሪው በመንገድ ላይ ዞረ ማለት ደግሞ ወደቃችሁ ማለት ነው።

ከላይኛው የሹካ ማሰሪያ በላይ ነው ወይስ በታች የሚታሰረው? የእኔ ምርጫ መጀመሪያ ከላይ ነው። ከታች ሲሆን መልኩ ያምራል፣ የእጅ አንጓና አንገት ግን ዋጋውን ይከፍላል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ዘመናዊ ክላሲኮች የፊት መብራቱን የሚይዘው ብረት እዚያው ቱቦ ላይ ስለሚቀመጥ ለክሊፕ ኦኑ ቦታ ይጠፋል። ከላይ ሞክራችሁ፣ ረጅም መንገድ ነድታችሁ፣ ገላችሁ ከቻለው ዝቅ አድርጉት። አንገትና ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ ወደ ታች የታጠፈው አንድ ወጥ መሪ ይሻላል። ውፍረቱ ከቀድሞው መሪ ጋር አንድ ከሆነ (በብዙዎቹ 22 ሚሊሜትር ነው) በነበረው ማሰሪያ ላይ ይቀመጣል።

ስትገጥሙ እነዚህን አትዝለሉ፦

- መሪውን እስከ መጨረሻ ግራና ቀኝ አዙሩ። ጓንት አድርጋችሁ እጀታውን እንደያዛችሁ በጣታችሁና በታንኩ መሀል ክፍተት መኖር አለበት። ከሌለ አውራ ጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ይቀረቀራል። የክሊፕ ኦኑን አንግል ወደ ፊት ከፈት አድርጉት።
- የመብራትና የጥሩምባ ማብሪያዎቹ ውስጥ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። የፋብሪካው መሪ ለእሷ ቀዳዳ አለው። አዲሱ መሪ ላይ ቀዳዳውን በትክክለኛው ቦታ ብሱለት። ብዙ ሰው ጥርሷን ይቆርጣታል። ከዚያ በኋላ ማብሪያው ቱቦው ላይ ይሽከረከራል፤ በጋዙ በኩል ከሆነ ደግሞ አደገኛ ነው።
- የክሊፕ ኦኑ ማሰሪያ ውስጥም ሆነ ቱቦው ላይ ቅባት እንዳይኖር በደንብ ጥረጉ። ብሎኖቹን በማኑዋሉ ወይም በዕቃው አምራች መጠን ብቻ አጥብቁ። ከመጠን በላይ የጠበቀ ማሰሪያ ይሰነጠቃል።

ደረጃ 4፦ ኬብሎችና የፍሬን ቱቦ

መሪው ዝቅ ሲል የቀድሞዎቹ ኬብሎች ይረዝማሉ። ተጣጥፈው መብራቱ ፊት ቀለበት ይሠራሉ። ውበቱን ማበላሸታቸው ትንሹ ነገር ነው። የተጠማዘዘ ኬብል ይከብዳል፣ መሪ ሲዞርም ሊያዝ ይችላል።

አዲሱን ርዝመት በግምት አትዘዙ። የፍሪጅ ቱቦ ወይም ወፈር ያለ ገመድ ወስዳችሁ ኬብሉ በሚያልፍበት መንገድ አስኪዱት። መሪውን ሁለቱም ጫፍ ድረስ አዙሩ፤ ሹካውም ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ሞክሩት። ከዚያ ገመዱን ለኩ። እንደ ስትሪት ትዊን ያሉ ጋዛቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተሮች የጋዝ ኬብል የላቸውም። እዚያ የምታስቡት ለሽቦው መንገድ ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ የሚደረግ ሙከራ አለ። ኢንጂኑን አስነሱና ያለ ጋዝ ይሥራ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ። ዙሩ ከፍ ካለ ኬብሉ ተወጥሯል ማለት ነው። አትንዱት። መታጠፊያ ላይ ሞተሩ በራሱ ጋዝ ይሰጣል።

የፍሬኑ ቱቦ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመዳብ ሮንዴላዎቹን ሁልጊዜ በአዲስ ተኩ፤ አንዴ የተጨፈለቀ ሮንዴላ በደንብ አይዘጋም። የፍሬን ዘይት ማስቀመጫው ክሊፕ ኦን ላይ ሲታሰር አብሮ ሊያጋድል ይችላል። በተቻለ መጠን ውሃ ልክ አድርጉት። አለበለዚያ ዘይቱ ሲቀንስ አየር ይስባል። ዘይቱን ከሞላችሁ በኋላ ማንሻው ጠንካራ እስኪሆን አየሩን አስወጡ። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ ውስጡ አሁንም አየር አለ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሞተራችሁ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆልፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካለው የዘይት ማስቀመጫው በሥራው መሀል ባዶ እንዳይሆን። አየር ወደ ኤቢኤስ ክፍሉ ከገባ በአንዳንድ ሞዴሎች ያለ መመርመሪያ ኮምፒውተር አይወጣም። ዶት 4 በሚጠይቅ ፍሬን ውስጥ ዶት 5 አትጨምሩ፤ ሲሊኮን ስለሆነ አይዋሃድም። ዶት 5.1 ግን ከዶት 4 ጋር አንድ ዘር ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ታንኩን አውርዱ ወይም ሸፍኑ፤ ጠብ ካለም ወዲያው በውሃ እጠቡት።

ደረጃ 5፦ የእግር መርገጫ

መሪው ዝቅ ብሎ እግር ፊት ከቀረ ሰውነት መሀል ላይ ይታጠፋል፣ ክብደቱም ሁሉ አንጓ ላይ ይወድቃል። ሪርሴቱ የሚገጠመው ለዚህ ነው። እግር ወደ ኋላ ሲሄድ ክብደቱን ጭንና ሆድ ይሸከሙታል።

የማርሽ መቀየሪያው ማገናኛ ዘንግ ከማንሻው ጋር ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ አንግል ይኑረው። አንግሉ ከጠበበ ማርሹ ይከብዳል፣ አንዳንዴም ሳይገባ ይቀራል። ማንሻውን ገልብጣችሁ ብትገጥሙት የማርሹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ልምድ የሌለው ሰው ሞተሩን ቢዋስ ምን እንደሚሆን አስቡት።

የኋላ ፍሬን ፔዳሉ ትንሽ ባዶ እንቅስቃሴ ሊኖረው ይገባል። ከሌለ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቆልፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ የኋላ መብራቱ መብራቱንም እዩ። ተረከዛችሁ አሞርዛተሩንና ማርሚታውን እንዳይነካ ተቀምጣችሁ ሞክሩ።

አሁን ንዱት። እውነት ለመናገር፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ የተሠራ ሞተር ከብዙ የተቆራረጡ ሞተሮች የተሻለ ካፌ ሬሰር ነው።

ደረጃ 6፦ ሞላና አሞርዛተር

የኋላ አሞርዛተሩን ርዝመት ከአንዱ ቀለበት መሀል እስከ ሌላው መሀል ለኩ። ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ማስረዘም ጅራቱን ያነሳል፣ ሞተሩንም በቶሎ እንዲታጠፍ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ስትሄዱ በፍጥነት ላይ መሪው ይረበሻል። ጅራቱ ሲነሳ ካቴናው መወጠሩን ወይም መላላቱን እንደገና ለኩ። የጎን ማቆሚያውም አጥሮ ሞተሩ በጣም ይጋደማል። ማስረዘም ካስፈለገ አሁን ነው።

ክብደታችሁ ወደ ፊት ስለመጣ ሹካው ፍሬን ሲያዝ ከበፊቱ የበለጠ ይሰምጣል። ብዙዎች ወፍራም ዘይት በመጨመር ሊፈቱት ይሞክራሉ። ዘይት እንቅስቃሴውን ያዘገየዋል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ተሳፍራችሁ ስትቀመጡ ሹካው ከሙሉ እንቅስቃሴው ሲሶ ያህል ቢሰምጥ ጥሩ መነሻ ነው። ለምሳሌ 120 ሚሊሜትር የሚሄድ ሹካ ከ35 እስከ 40 ሚሊሜትር።

ደረጃ 7፦ ጅራቱ

አሁን ወደ ሁሉም የሚቸኩልበት ሥራ መጣን። መጀመሪያ ጅራቱን በካርቶንና በፕላስተር ሥሩት። አስቀምጡት፣ ከሩቅ እዩት፣ ፎቶ አንሱት፣ አሳድሩት። ካርቶን ቢበላሽ ሌላ ካርቶን አለ።

ቀጥሎ ኮርቻው ሥር ያለውን ሁሉ ቁጠሩ፦ ባትሪ፣ የኢንጂኑ ኮምፒውተር፣ የኤቢኤስ ክፍል፣ ፊውዞች፣ ሪሌዎች፣ ሞተሩ ሲወድቅ ኢንጂኑን የሚያጠፋው ሴንሰር። እነዚህ ሁሉ አዲስ ቤት ይፈልጋሉ። ቦታቸውን ሳታውቁ አትቁረጡ።

ከዚያ የኋላ አሞርዛተሮቹን አውልቁና ጎማውን አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ እስከሚደርስበት ከፍታ ድረስ አንሱት። በጎማውና በሻንሲው፣ በፓራፋንጎውና በሽቦው መሀል ቢያንስ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ክፍተት ይቅር። ጉድጓድ ላይ ጎማው ጅራቱን ከነካ የኋላ ጎማው ሊያዝ ይችላል። ይህን ሙከራ ዘልለው የተሠሩ ብዙ ቆንጆ ሞተሮች አሉ፤ ኮርቻቸውን ገልብጣችሁ ብታዩ የጎማ ፍቅፋቂ ታገኛላችሁ።

በብሎን የሚገጠም ኪት ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፤ የሚመለስ ለውጥ ነው። መቁረጥ ግድ ከሆነ፦

1. ከአሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ ኋላ ብቻ ቁረጡ። ከእሱ ፊት ያለው ሁሉ ሸክም ተሸካሚ ነው። የመሪው አንገት፣ የኋላ ክንዱ የሚያያዝበት ቦታና የሻንሲ ቁጥሩ አይነኩም።
2. ሁለት ጊዜ ለኩ። በሁለቱም ጎን ምልክቱ እኩል መሆኑን ከአንድ ቋሚ ነጥብ አረጋግጡ።
3. የተቆረጠውን ጫፍ የሚዘጋው፣ ወደ ላይ የታጠፈው አዲስ የብረት ቀለበት ከሻንሲው ቱቦ ጋር አንድ ዓይነት የውጭ ውፍረት ይኑረው።
4. መጋጠሚያው ውስጥ ልክክ የሚል የውስጥ ቱቦ ክተቱ፤ በየጎኑ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ይግባ። የውጪው ቱቦ ላይ ቀዳዳ ብሱና በእሱም በኩል ይበየድ። ጫፍ ለጫፍ ብቻ የተበየደ ቱቦ በንዝረት ይሰነጠቃል።
5. ብየዳውን ለጥሩ በያጅ ስጡ። ሰው የሚቀመጥበት ብረት መለማመጃ አይደለም። ብየዳውንም ለማሳመር ብላችሁ ሞርዳችሁ አታሳሱት።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከብየዳ በፊት ባትሪውን አውጡ፣ የኢንጂኑንና የኤቢኤሱን ኮምፒውተር ነቅላችሁ አርቁ። የብየዳ ኤሌክትሪክ ሊያቃጥላቸው ይችላል። የብየዳው ኔጌቲቭ መያዣ ወደሚበየደው ቦታ ይጠጋ፤ በኩሽኔታ በኩል እንዳያልፍ። የነዳጅ ታንኩ ከክፍሉ ይውጣ። ክሎሪን ያለው የፍሬን ማጽጃ የተረጨበትን ብረት ፈጽሞ አትበይዱ። ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል።

ደረጃ 8፦ ኮርቻ

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ብዙ አለ። ራሳችሁ በፋይበርግላስ የምትሠሩ ከሆነ ሻንሲውን በፕላስተርና በሰም ሸፍኑ፤ ካልሆነ ተጣብቆ ይቀራል። ፎርሙን በነጭ ስታይሮፎም ከቀረጻችሁ ኢፖክሲ ተጠቀሙ። ተራው ፖሊስተር ሬዚን ስታይሮፎሙን ያቀልጠዋል። ስፖንጁ ከሥር ጠንካራ፣ ከላይ ለስለስ ያለ ይሁን። ለመልክ ብላችሁ አታሳሱት።

ደረጃ 9፦ ኤሌክትሪክ

ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ማገናኛ በፕላስተር ጽፋችሁ ምልክት አድርጉ። ኔጌቲቩን መጀመሪያ ንቀሉ፣ መጨረሻ አስሩ።

ሽቦ የምታስረዝሙ ከሆነ በጥሩ ፒንሳ የተቆነጠጠ መገናኛና የሚሸበሸብ ሽፋን ተጠቀሙ። በሞተር ንዝረት በስታኞ የተበየደ ሽቦ ብየዳው ካለቀበት ጋ ይደርቅና ይበጠሳል። ተጠማዝዞ በስኮች የታሰረ ሽቦ ጉዳይ አይነሳ! ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ላስቲክ ይደረግለት። ወደ መሪው የሚሄደውም ለመዞር የሚበቃ ትርፍ ይኑረው።

ብዙ ሰው የሚያለቅስባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የኤልኢዲ ፍሬቻ ነው። የሚስበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ የቀድሞው ሪሌ አምፖል የተቃጠለ መስሎት በፍጥነት ያጠፋል ያበራል። መፍትሔው የኤልኢዲ ሪሌ መቀየር ነው። ፍሬቻውን ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ከሆነ ደግሞ ሬዚስተር መጨመር። ሁለተኛው የመውደቅ ሴንሰሩ ነው። ቦታውን ስትቀይሩ ልክ እንደ ቀድሞው አቅጣጫውን ጠብቃችሁ እሰሩት። ከተንጋደደ ሞተሩ የወደቀ ይመስለውና ኢንጂኑ አይነሳም። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት የነዳጅ ፓምፕ ቀይሯል።

ሊቲየም ባትሪ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ለመደበቅ ይመቻል። ቻርጅ የሚያደርገው ቮልቴጅ ከባትሪው አምራች ገደብ እንዳያልፍ ግን ለኩ። ከማርሚታ ሙቀትም ይራቅ፤ ለተራ ባትሪ በተሠራ «አዳሽ» ቻርጀርም አትንኩት።

ደረጃ 10፦ አየርና ማርሚታ

የአየር ሳጥኑን አውልቆ ትናንሽ ክብ ፊልትሮ መግጠም መልኩን ያሳምራል። እኔ ግን ካልተገደድኩ አልነካውም። ሳጥኑ ለኢንጂኑ የተረጋጋ አየር ይሰጠዋል። ሲወጣ ብዙ አየር ይገባና ነዳጁ ያንሳል፤ ኢንጂኑ ይግላል፣ በዝቅተኛ ዙር ይደነባበራል፣ ጋዝ ሲለቀቅ ማርሚታው ይተኩሳል። ካርቡራቶር ከሆነ ጄቱ (ነዳጁን መጥኖ የሚያሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ) መቀየር አለበት። ኢንጀክሽን (ነዳጁ በኮምፒውተር ተመጥኖ የሚረጭበት) ከሆነ ኮምፒውተሩ እንደገና መስተካከል አለበት። መልኩ እንዳያታልላችሁ፦ ኢንጀክሽን ያለው 865 ሲሲ ቦኔቪል ላይ ያለው ካርቡራቶር የሚመስለው ነገር ካርቡራቶር አይደለም።

ማርሚታ ብቻ መቀየር ቀለል ይላል። አዲስ ጋስኬት አድርጉ፤ የኦክስጅን ሴንሰሩን ወደ ቦታው መልሱ። ከማስነሳታችሁ በፊት ቱቦውን በአልኮል ጥረጉ። የጣት አሻራ ቅባት ሲግል ብረቱ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል፣ አይለቅም።

ደረጃ 11፦ ፈትቶ መቀባት

ሁሉም ነገር ገጥሞ፣ ተነድቶ፣ ቅር ያላችሁ ነገር ከሌለ ብቻ ፍቱት። ቀለም ከተቀባ በኋላ መብሳት ወይም መበየድ ልፋትን በዜሮ ማባዛት ነው።

ሻንሲው በምድጃ በሚጋገር የዱቄት ቀለም የሚቀባ ከሆነ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ጎሚኒ፣ ኩሽኔታና ፕላስቲክ ሁሉ ይውጣ። የብሎን ጥርሶች፣ የኩሽኔታ መቀመጫዎች፣ የሻንሲ ቁጥሩና ኔጌቲቭ ሽቦ የሚታሰርባቸው ቦታዎች ይሸፈኑ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለታንኩ ቤንዚን የሚቋቋም ባለ ሁለት ክፍል ቫርኒሽ ያስፈልጋል። ማድረቂያው አይሶሳይኔት ስላለው ሳንባን ይጎዳል። ተራ ጭምብል ስለማይበቃ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ጭምብል ላለው ባለሙያ ስጡት።

የተለመዱ ስህተቶች

ዕቃ በፎቶ አይቶ መግዛት፣ ሳይለኩ። ለመልክ ብሎ ለቸርኬው ከሚስማማው በላይ ሰፊ ጎማ መግጠም፤ ጎማው ቅርጹን ያጣል፣ መታጠፊያ ላይ ይከብዳል። የኋላ ፓራፋንጎውን ጨርሶ አውልቆ ጭቃውን ለኤሌክትሪኩ መተው። የጎን ማቆሚያውንና የፍሪሲዮኑን ሴንሰር «አያስፈልግም» ብሎ መቁረጥ። የሁለት ሥራዎችን ብሎን በአንድ ከረጢት መክተት። አንዴ የተፈቱ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎችን መልሶ መጠቀም። ማርሚታ ላይ ሙቀት መከላከያ ጨርቅ ጠምጥሞ ውስጥ ውስጡን እንዲዝግ ማድረግም የተለመደ ነው።

ደረጃ 12፦ መጀመሪያ ስትነዱት

ከመነሳታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ደጋግማችሁ ጫኑ። ዲስክ ወጥቶ ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ጭነት ባዶ ይሆናል። ይህንን መንገድ ላይ እንዳታውቁት። መብራት፣ ፍሬቻ፣ የማጥፊያ ቁልፍ እዩ። የመሪውን የዙር ሙከራ (ደረጃ 4) ድገሙት። ኢንጂኑ ሲግል ዘይትና ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ተጎንብሳችሁ ተመልከቱ።

መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ በእግር ርምጃ ፍጥነት ጀምሩና ፍሬን ያዙ። ከዚያ ትንሽ ፍጠኑ፣ እንደገና ያዙ። መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም ከተንቀጠቀጠ ተመለሱ። ደህና ከሆነ ጥቂት ኪሎሜትር ብቻ ሄዳችሁ ኑና ሁሉንም ንኩ። የጋለ ሽቦ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ያረጠበ መጋጠሚያ ይፈለግ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ባለው ውስጥ ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች ድገሙ፦ ክሊፕ ኦን፣ ሪርሴት፣ የጎማ አክስሎች፣ የፍሬን መያዣዎች፣ ማርሚታ፣ ጅራት። ካቴናውንም ለኩ። የተስተካከለውን እያንዳንዱን ብሎን ከጭንቅላቱ እስከ አጠገቡ ብረት ድረስ በቀለም እስክሪብቶ ቀጭን መስመር አስምሩበት። ከዚያ በኋላ ከመነሳታችሁ በፊት በዓይን መቃኘት ይበቃል። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ተንቀሳቅሷል። እንዲሁ አታጥብቁት። አውጥታችሁ አጽዱት፣ አዲስ ማጣበቂያ አድርጉበት፣ በልኩ መልሳችሁ አጥብቁ፣ አዲስ መስመር አስምሩ።